ከላሬቦ ጋር ያቆራኘኝ የስልክ ገመድ

ስሙኝማ! እጃችሁ ላይ ያለውን ሥራ አስቀምጡና ይቺን ስሙኝ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፍረዱ፤ እኔ በራሴ ላይ ፈርጄ ፈርጄ ደክሞኛል።

የሆሳዕና ስልከኛ ነኝ። ስልከኛ ሲባል ትልቅ ሰው መስሏችሁ ከመቀመጫችሁ እንዳትነሡ። ዳዊት ደግሜ፣ የኔታን ተሳድቤ የወጣሁ፣ ከዚያ አንድ ፈረንጅ ዘንድ ሦስት ወር ስለ ሽቦና ስለ ባትሪ ተምሬ እሱንም ተሳድቤ የወጣሁ ሰው ነኝ። ምላሴ ከኔ ቀድማ ነው የምትነቃው። ምላሰኛ ስለሆንኩ ግን ደፋር እንዳልመስላችሁ። መብረቅ እፈራለሁ። የአገራችንን ገዥ ግራዝማችን እፈራለሁ። ስልኩ ራሱ ድንገት ሲጮኽ እንደ ፍየል እዘላለሁ። አስቡት፤ ስልክ የሚፈራ ስልከኛ! ኧረ ሰው በሚፈራው ነገር እንጀራ ይበላል ወይ? እኔ እበላለሁ።

ስልኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ነው። መስሚያውና መናገሪያው ባንድ እጀታ ላይ ተያይዘዋል። ከሣጥኑ እስከ እጀታው ሐር የለበሰ ገመድ አለ፤ ውስጡ ሦስት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ይሄዳሉ። የሰው ድምፅ የሚመላለሰው በነሱ ነው። ታዲያ ያ ገመድ አረጀ። ሐሩ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ። አዲስ ገመድ ይላክልኝ ብዬ አዲስ አበባ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ጻፍኩ። ዝም። ደግሜ ጻፍኩ። ዝም። ለሦስተኛው መልስ መጣ፦ «ደብዳቤህ ደርሶናል፤ ሲገኝ ይላካል።» በደስታ ለሰው ሁሉ አሳየሁት። ከዚያ በኋላ አራት ጻፍኩ፤ እነሱም ሳይደርሱ አልቀሩም መሰለኝ።

ሲገኝ እስኪላክ ምን ላርግ? እኛ አገር የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው። ራስ ሲደርቅ ቅቤ፣ ኮርቻ ሲደርቅ ቅቤ፣ አራስ ሲደክማት ቅቤ። ሐድያ አገር ተቀምጦ ቅቤ የሚያጣ ሰው የለም። ስለዚህ ገመዱን ከላይ እስከ ታች ለጋ ቅቤ ቀባሁት። እናንተ! እንዴት እንደለሰለሰ! እንደ ሙሽራ ፀጉር አብረቀረቀ። «ሦስት ወር የተማርኩት ከንቱ አልቀረም» ብዬ በራሴ ኮርቼ ስልክ ቤቱን ዘጋሁ።

ጠዋት ስገባ እጀታው መሬት ላይ ወድቋል። ገመዱ የለም። አይጦች ሐሩን ከነቅቤው በልተው፣ ሽቦውን ቆራርጠው ጥግ ላይ አስቀምጠውልኛል።

መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ለምን መሰላችሁ? ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ገበያ መሀል ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ተነግሯል፦ የስልክ ሽቦ የነካ ሰው ይገረፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግራዝማች ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ግርፋቱ ሳይሆን ያልተጠየቀው ነው።

ይህን ሳሰላስል ግራዝማች ገቡ። ጸሐፊያቸው ከኋላ ነው። እጀታውን ቶሎ ብዬ ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩና ፊቱ ቆምኩ።

«ስልከኛ!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ይሄ ነገር ከትናንት ወዲያ ሲንጫጫ ነበር። ዛሬ ምን ዘጋው?»

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። በእግዜር ስም ከፈትኩ! ግን ምላሴ ቀደመችኝ።

«ሽቦው ተቆርጧል ጌታዬ።»

«የት ላይ?»

«ወደ… ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው በኩል።»

«በማን ጓሮ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያ ጉድ። በዚያ መንገድ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያለፈው ወር የስልክ ግንድ ላይ ወጥቼ ስወርድ ፀሐይ መትቶኝ ነበር፤ አንድ ገበሬ እንሰቱ ጥላ ሥር አስቀምጦ እርጎ አጠጣኝ። የስልኩ ግንድ የቆመው እንሰቱ መሀል ነው። ስሙም ላሬቦ ነው። እኔ ሰውዬ፣ እርጎ ያጠጣኝን ሰው ስም ጠራሁ። ሌላ ስም አልመጣልኝም! ሰው ሲፈራ የሚመጣለት ያመሰገነው ሰው ስም ነው መሰለኝ።

ሁለት ዘበኞች ሄደው ላሬቦን ስልክ ቤቱ ድረስ አመጡት። አንደኛው ዘበኛ እውነተኛ ሰው ነውና «ጌታዬ፣ ሽቦው ግን እንዳለ ነው፤ አልተቆረጠም» አለ። አበቃ፣ ሰውዬው ተለቀቀ አልኩ።

ግራዝማች ጺማቸውን ዳበሱ። «እንዳለ ከሆነ ለምን ይዘጋል? አንድ ነገር አድርጎበታል ማለት ነው። ይሄማ ከመቁረጥ የባሰ ነው።»

ላሬቦ ሃምሳ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቃጫ ሲገምድ ጣቶቹ የተጣመሙ ሰው ነው። «ጌታው፣ እኔ ግንድ አልወጣም። ጉልበቴ ያመኛል» አለ።

«ሰኞ ረፋድ ላይ የበላዬ ደጃዝማች እንደሚደውሉ መልእክተኛ መጥቶ ነግሮኛል። ስልኩ ከሠራ ለሳቸው አመልክቼ አስፈርዳለሁ። ካልሠራም መልእክተኛ እልካለሁ። ይገረፋል፤ ግንዱ ያለበት ማሳም ይወሰዳል። ከሳሽ ማነው?»

ዞር ዞር ብዬ ከሳሹን ፈለግሁ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«ሥርዓት ሥርዓት ነው» አሉ ግራዝማች፣ «ይቆራኙ።»

ቁራኛን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከሳሽና ተከሳሽ አንጓ ለአንጓ በሰንሰለት ይታሰሩና ዳኛ እስኪፈርድ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ዘበኛ አያስፈልግም፤ አንዱ ለአንዱ ዘበኛ ነው። የኔ ቀኝ እጅ ከላሬቦ ግራ እጅ ጋር ተቆለፈ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ዘበኞቹ ሲሄዱ ላሬቦ መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰላችሁ?

«ልጄ፣ ያ እርጎ ጎምዝዞ ነበር እንዴ?»

መሬት ብትከፈት ልገባ ነበር፤ ግን እሱን ይዤው ነው የምገባው።

አሁን አስቡት። እስከ ሰኞ ገመድ ካልሠራሁ ስልኩ ዱዳ ሆኖ ይቀራል፤ ግራዝማች አንድ ቀን እጀታውን ያነሡና ገመድ እንደሌለው ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው በኔ ላይ ይሆናል። ገመድ ልሥራ ብል ደግሞ ቀኝ እጄ የከሰስኩት ሰው ዘንድ ነው ያለው። ጆሮዬን ልከክ ብል የላሬቦ እጅ ፊቴ ላይ ይመጣል። እኔ ሳማትብ የሱም ግራ እጅ አብሮኝ ያማትባል። ወደ ጓሮ ስንወጣ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ክብር አለኝ።

ሚስቱ ዓርብ ጠዋት ቆጮና አይብ ይዛ መጣች። ለሁለታችን እኩል ቆርሳ ሰጠችን። አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ እኔም እመልስ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም። ያ እኩል የተቆረሰ ቆጮ ግን ከጅራፍ ይልቅ ይለበልባል። «ማሳውን ከወሰዱት ልጆቹን ወዴት እወስዳለሁ?» አለችው ለባሏ በሐድይኛ። ሐድይኛ ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ። የዚያን ቀን ባልሰማ ደስ ባለኝ።

ላሬቦን እየጎተትኩ ከእናቴ ጋር ወደምኖርበት ቤት ሄድኩ። የሟቹ አባቴ ጦር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዘንጉ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ነፍሱን ይማርና አባቴ ያንን ጦር ሰው አላስነካም፤ እኔ ግን እንደ ሽንኩርት ላጥኩት። ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። ግን ራቁቱን ሽቦ ከሽቦ ጋር ብታጠጋጋው ድምፁ መንገዱን ይስታል፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ። ልብስ ያስፈልገዋል። ሐር ከየት ይመጣል? ቃጫ ግን እዚሁ አለ፤ ላሬቦ ትከሻው ላይ አንድ እስር ተሸክሞ ነው የታሰረው።

«አባባ ላሬቦ፣ ከቃጫህ ትንሽ ትሰጠኛለህ?»

«ለምን?»

«ለ… ለአህያ ገመድ።»

ሽቦውን አየ። እኔን አየ። አህያ እንደሌለኝ ግቢውን አየ። ከዚያ ቃጫውን አቀበለኝ።

በአንድ እጅ ስጠመጥም አየኝ፤ ይፈታብኛል፣ አስረዋለሁ፣ ይፈታብኛል። መሳደብ ጀመርኩ፤ ቃጫውን፣ አይጡን፣ አዲስ አበባን።

«እንደዚህ አይደለም» አለ። «አንዱን ወደ ቀኝ ጠምዝዝ። ሦስቱን ስታገናኝ ግን ወደ ግራ። ያን ጊዜ አንዱ ሌላውን ይይዛል፤ አይፈታም።» በነፃ እጁ ጫፉን ያዘልኝ። በታሰረውም እጁ ይገምዳል፤ የኔ እጅ አብሮ ይሄዳል። በሦስት እጅ ነው የሠራነው እንጂ በአራት እንኳ አይደለም፤ አራተኛው እጅ፣ የኔው ቀኝ፣ ተከትሎ ከመንጠልጠል በቀር ሥራ አልነበረውም።

ሲያልቅ ሄደን ሣጥኑ ላይ ገጠምኩት። የመጥሪያውን መዘውር አዞርኩ። እጀታውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ቅቤ ሲነጠር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ብቻ፦ ችስስስ። ለካ ጉሙ ቃጫውን አርሶታል! ሆሳዕና በክረምት ሰው ራሱ ይሻግታል፣ ቃጫ እንዴት አይርስ።

«የስልኩ አንጀት ነው አይደል ይሄ?» አለ ላሬቦ ከጎኔ።

ያልሰማሁ መስዬ መዘውሩን ደግሜ አዞርኩ።

«አይጥ ነው የበላው። ጥግ ላይ ቁርጥራጩን ከሐሙስ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ቅቤ ይሸታል።»

«ታዲያ ለምን ለግራዝማች አልተናገርክም?»

«ማን ያምነኛል? እኔ ተከሳሽ ነኝ። የሚታመነው ከሳሽ ነው። አንተ ነህ የምትናገረው።» ከዚያ ቃጫውን ዳሰሰ። «ውሃ እንዳይገባው ሰም ይፈልጋል።»

ሰም ሲል ብልጭ አለልኝ። ጧፍ! ጧፍ ምንድነው? ክር ነው፣ ሰም የጠጣ ክር። ቅዳሜ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠሩት እማሆይ ጽጌ ዘንድ ሄድን። ሰንሰለታችንን አዩና አማተቡ።

«ለስለት ነው ልጄ?»

«አዎን እማሆይ፣ ለስለት።»

«ምን ብትፈራ ነው እንዲህ ያለ ወፍራም ጧፍ የተሳልከው!»

«ብዙ ነገር እማሆይ።» ይቺ ብቻ እውነት ነበረች።

ገመዱን የቀለጠ ሰም ውስጥ አሳልፈው፣ በእጃቸው አሻሽተው፣ ደጋግመው ነከሩልኝ። ሲደርቅ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፤ ከጧፍ የሚለየው ነገር አልነበረውም። ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መናገር ስለሚወዱ አስረዝሜ ሠራሁት። የተረፈውንም ጫፍ አልቆረጥኩም፤ ለመጠባበቂያ ብዬ ከሣጥኑ ሥር እንዲንጠለጠል ተውኩት። ይቺን ጫፍ አስታውሱልኝ።

ገጠምኩ። አዞርኩ። «ሀሎ?» ከሩቅ አንድ ስልከኛ «ሀሎ፣ ማነው? ምነው ጠፋህ?» አለኝ። ጥርት ብሎ! ከሐሩ ገመድ ይልቅ ጥርት ብሎ! ላሬቦን አቀፍኩት። ሰንሰለቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና ሊታነቅ ነበር። በቃ፣ ስልኩ ሠራ፤ ሰውዬው ይፈታል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም ብዬ ወደ ግራዝማች ሮጥን።

«ስልኩ ሠራ ጌታዬ!»

ግራዝማች ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ላሬቦን በጣታቸው ጠቆሙት። «አላልኩም? እጁ ሲታሰር ለቀቀው! ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ? ሰኞ ይፈረድበታል!»

ጸሐፊው ቃሉን ጻፈው። እኔ ቆሜ አየሁ። የሠራሁት ገመድ ሰውዬውን አሰረው! ገመዱን አብሮኝ የገመደው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። እህል አልወርድ አለኝ፤ ላሬቦ ግን የኔንም ድርሻ በላ። «አንተ ስለምትፈራ እኔ ልብላ» አለኝ።

ሰኞ ደረሰ። ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ ይወርድ ጀመር። ስልክ ቤቱ መስኮቱ ሲዘጋ ጉድጓድ ሆነ። ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ጸሐፊው ክሱን ይዞ ቆሟል፤ እኔና ላሬቦ በር ሥር ነን። ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዴ ዘለልኩ፤ ላሬቦም አብሮኝ ዘለለ፣ ሳይወድ።

ግራዝማች እጀታውን አነሡ። «አቤት ደጃዝማች! አዎን ጌታዬ! ስልክ የሚነካ ወንጀለኛ ይዣለሁ! ክሱን ላንብብልዎ!» ከዚያ ወደ ጸሐፊው፦ «አይታየኝም፣ አብራ እንጂ አንተ!»

ጸሐፊው ኪሱን ዳበሰ፣ ክብሪት አወጣ። ዙሪያውን አየ። ከሣጥኑ ሥር የተንጠለጠለችውን ጫፍ አየ። «ጧፍ እዚሁ አለ» አለና ክብሪቱን ጫረ።

አየሁት። እጁ ሲሄድ አየሁት። አፌ አልከፈት አለኝ። ያቺ ከኔ ቀድማ የምትነቃው ምላስ፣ ያን ዕለት ተኛች! እሳቱ ጫፏን ያዘ፣ ሣጥኑ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ተረጋግቶ በገመዱ ላይ ወደ ግራዝማች መጓዝ ጀመረ። እሳቸው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ያነባሉ፤ «ላሬቦ የተባለው…» ሰሙ ጠብ ጠብ ይላል። ብርሃኑ እየቀረበ ስለመጣላቸው ደስ ብሏቸዋል! ከጺማቸው ሁለት ስንዝር ቀረው።

ብናገር ሐሰተኛ ከሳሽ ነኝ። ዝም ብል የግራዝማችን ጺም ያቃጠልኩ ሰው ነኝ።

ላሬቦ ሰንሰለቱን ሳብ አደረገ። «ልጄ» አለ በቀስታ፣ «አሁን አንተ ካልተናገርክ እሳቱ ይናገራል።»

«ጌታዬ ጣሉት!» ብዬ ጮኽኩ። «ጧፍ አይደለም፣ ገመዱ ነው! የሠራሁት እኔ ነኝ! ሽቦ አልተቆረጠም! ላሬቦ ምንም አልነካም! ገመዱን አይጥ ነው የበላው፣ ቅቤ ቀብቼው፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ!»

ግራዝማች እጀታውን ወረወሩት። ከወለሉ ላይ ደጃዝማች ሲናገሩ ለሁላችንም ተሰማ፦ «ምን? የምን ቅቤ?» ከዚያ ገመዱ ተበጠሰ።

ግራዝማች ጺማቸውን ዳበሱ። እንዳለ ነው። ከዚያ ከተቃጠለው ገመድ የወጣውን መዳብ አንሥተው አገላብጠው አዩት። «ይሄ የአባትህ ጦር ላይ የነበረው አይደለም?» አሉኝ። አባቴን ያውቁት ኖሯል። አንገቴን ደፋሁ። የዚያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ሐሰተኛ ከሳሽ ተከሳሹ ሊቀበል የነበረውን ይቀበላል። ማሳ የለኝም እንጂ ይወሰድ ነበር። አሥር ጅራፍ ተፈረደብኝ፤ ቀመስኳት። መጀመሪያ ግን ሰንሰለቱን ፈቱና ግራዝማች ላሬቦን «ስለ እንግልትህ ካሣ ምን ትፈልጋለህ?» አሉት።

ላሬቦ አንጓውን አሻሸ። «ጌታው፣ ያንን ግንድ ከእንሰቴ መሀል ንቀሉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«ማን ይንቀለው?»

ላሬቦ ወደ እኔ ዞረ። ሳቀ፤ ከሐሙስ ጀምሮ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው። «ይሄ ልጅ። አሁን ሁለት እጅ አለው።»

ሦስት ቀን ቆፈርኩ፤ ጀርባዬ በጅራፍ ተልጦ። ሚስቱ ውሃ ሰጠችኝ፤ እርጎ ግን አልሰጠችኝም። ግንዱን ተሸክሜ ወጣሁ። መቆሚያ ቦታ ሲፈለግ ግራዝማች አሰቡና «ሽቦው ትንሽ ዞር ቢል የስልከኛው እናት ጓሮ አለ» አሉ። ስለዚህ ግንዱ አሁን የኛ ጎመን መሀል ነው ያለው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወጥቼ ሽቦውን እቆጥራለሁ። ቢቆረጥ ተከሳሹ ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ምን መጣ መሰላችሁ? ፋብሪካ የሠራው ገመድ! ከአዲስ አበባ፣ በሣጥን፣ በማኅተም። አልክድም፤ የሚያምር ነው፤ አይነድም፣ አይርስም፣ አይጥም አይነካውም። ርዝመቱ ግን አንድ ክንድ ነው። አንድ ክንድ! አሁን ግራዝማች ሲናገሩ ግንባራቸውን ሣጥኑ ላይ አስደግፈው ነው፤ ግድግዳውን ሊሳለሙ የመጡ ይመስላሉ። በጨረሱ ቁጥር ወገባቸውን ይዘው እኔን ያያሉ። እኔም ላሬቦ ዘንድ ሄጄ ቃጫ ለመንኩ። «ለአህያህ ነው?» አለኝ።

እናንተ ዕቃ ግምጃ ቤት የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ አሁን ለናንተ ነው የምናገረው። ላሬቦ አምስት ቀን ታሰረ፤ እኔ ስለ ውሸቴ ተገረፍኩ፣ ግንድም ተሸከምኩ፤ ድርሻዬን ከፍያለሁ። ሰባቱን ደብዳቤ ተቀብሎ የተኛው ግን ድርሻውን የት ከፈለ? ሰንሰለቱ ስልክ ቤቱ ግድግዳ ላይ አሁንም ተሰቅሏል፤ አንዱ ቀለበት የኔን አንጓ ያውቀዋል። ሁለተኛው ባዶ ነው። ከናንተ መሀል እጁን ዘርግቶ ከኔ ጋር የሚቆራኘው ማነው?